ሊፍቱን ከማስመጣቴ በፊት ወለሌን ባየሁት ኖሮ

የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሚኒባስ ነድቻለሁ፤ አብዛኛውን ወደ ደብረ ሲና፣ አልፎ አልፎም እስከ ሸዋ ሮቢት። መንገዱን የሚያውቅ ሰው እዚያ ላይ ፍሬን ምን እንደሚደርስበት አይጠፋውም። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስቶ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጣርማ በርን በጭጋግ ተሻግሮ፣ ከዚያ ወዲያ ሸዋ ሮቢት ቆላ እስኪገባ ድረስ ነገሩ ሁሉ ቁልቁለት ነው። በከባድ ማርሽ የማይወርድ ሾፌር የፍሬን ሸራ እንደ ቆሎ ይበላል። እኔም በወጣትነቴ በልቻለሁ። ሸራ መቀየር የተማርኩትም በዚሁ ዕዳ ነው።

ሚኒባሱን ሸጬ ለቤት የምትሆን ኮሮላ ስገዛ ዘይትና ፊልትሮውን፣ ሸራና ጎማውን በገዛ ግቢዬ እሠራለሁ ብዬ ወሰንኩ። ለትንሹም ለትልቁም መኪና ጋራዥ ማሳደር ሰልችቶኝ ነበር። ግን በታኅሣሥ ውርጭ ሊሾ ላይ በጀርባ መተኛት ወገብ የሚችለው ነገር አይደለም። ባና አንጥፌ እተኛለሁ፣ ባናው ዘይት ይጠጣል፣ ባለቤቴ ትቆጣለች፣ እኔም ለሦስት ቀን ጎብጬ እሄዳለሁ። መኪናዋን የማነሳው በክሪክ ነበር፤ ለድጋፍ ከሥሯ የማስገባው ደግሞ ብሎኬት። ይህን የምታደርጉ ካላችሁ እባካችሁ ዛሬውኑ ተዉት። ብሎኬት ግድግዳ ውስጥ ተሰድሮ ክብደት ይችላል፤ የመኪና ክብደት አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍበት ግን ሳያስጠነቅቅ ፍርስ ይላል። እኔ ሁለት ጊዜ ሲፈርስ አይቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከሥር አልነበርኩም፤ ጎበዝ ሆኜ ሳይሆን ዕድሌ ሆኖ።

አሜሪካ ያለው የባለቤቴ ወንድም ስለ ወገቤ ሲሰማ ተንቀሳቃሽ የመኪና ሊፍት እልክልሃለሁ አለ። ላላያችሁት፦ ሁለት ረጃጅም የብረት ክፈፎች ናቸው፤ አንዱ በመኪናው ቀኝ፣ አንዱ በግራ ጎማዎቹ መካከል ይገባል። በቱቦ ከአንዲት የኤሌክትሪክ ፖምፓ ጋር ይያያዛሉ፤ ፖምፓዋ ዘይት ስትገፋ ክፈፎቹ ተነስተው መኪናውን ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ያደርጉታል። ምሰሶ መትከል የለ፣ ጉድጓድ መቆፈር የለ። ሲጨርሱ አንስቶ ግድግዳ ማስደገፍ ነው። ከሰው ዕቃ ጋር በኮንቴይነር መጥቶ የወረደ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ አየው። አንዲት እናት ክፈፉን ትክ ብለው አይተው «ቃሬዛ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በኋላ ሳስበው ቃሬዛ ለማስፈለግ ብዙም አልቀረው።

የመጀመሪያው ስህተቴ አምስት ሰከንድ አልፈጀም። የፖምፓዋ ሶኬት ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው የአሜሪካ ነው፤ የእኛ ግድግዳ ላይ አልገባ አለ። እኔም ጫፉን ቆርጬ የእኛን ሶኬት ገጠምኩለትና ሰካሁት። ሞተሩ አንዴ ጮኸ፣ ጭስ አወጣ፣ አለቀ። 110 ቮልት የሚሠራ ሞተር ላይ 220 ለቅቄበታለሁ። አዲስ አበባ ወስጄ ያስጠቀለልኩት ሞተር ጠቅላይ ታሪኩን ሰምቶ «አልገባም ያለህ እኮ እየነገረህ ነበር» አለኝ። ስለዚህ ከውጭ የሚላክላችሁ ካለ፣ ገና ሳይጫን ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ታርጋ ፎቶ አስነሱና ቮልቴጁን አንብቡ። 110 ከሆነ በትራንስፎርመር ይሠራል፤ ነገር ግን ለቴሌቪዥን ወይም ለጁስ መፍጫ የተገዛች ትንሽ ትራንስፎርመር አትችለውም፤ ሞተር ሲነሳ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ነው የሚስበው። 220 ቢሆንም በቀጭን ዲቫይደር አትስቀሉት። እኔ ከቆጣሪው ሥር የራሱ ብሬከር ያለው ወፍራም ሽቦ አስዘርግቻለሁ፣ ከነኧርዙ (ከነመሬት ሽቦው)። እርጥብ ወለል ላይ በብረት የሚሠራ ሰው ኧርዝን የሚንቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ሁለተኛው ስህተት የዘይት ነው። ዕቃው ሲመጣ ጋኑ ባዶ ነበር። አብሮኝ የሚሠራው የወንድሜ ልጅ ገና ተማሪ ነው፤ «ፍሬንም በዘይት ግፊት ነው የሚሠራው፣ ይሄም በዘይት ግፊት፤ የፍሬን ዘይት ብንጨምርስ?» አለ። አባባሉ ልክ መሰለኝ፣ ቤትም ስለነበረ ጨመርን። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጓርኒሲዮኖቹ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽጉት ጎማዎች) አብጠው ከየመገጣጠሚያው ያንጠባጥብ ጀመር። የፍሬን ዘይት ባሕርይው ሌላ ነው፤ ለማዕድን ዘይት የተሠራ ጎማ ይበላል። ሁሉንም ፈትቼ፣ አጥቤ፣ ጓርኒሲዮን ቀይሬ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ቀዩን ዘይት ጨመርኩ። መመሪያው ላይም ተፈቅዶ ነበር፤ አላነበብኩትም እንጂ። ለእኛ አገር ብርድ ቀጭን ዘይት ይሻላል። በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ወፍራም ዘይት ከሆነ ፖምፓዋ ታቃስታለች፣ ክፈፉም እንደ ሽማግሌ ነው የሚነሳው። ዘይት ከቀየራችሁ በኋላ ደግሞ መኪና ሳትጭኑ ባዶውን አምስት ስድስት ጊዜ አንሱትና አውርዱት፤ ቱቦ ውስጥ የቀረ አየር እስኪወጣ አንደኛው ወገን ከሌላው ቀድሞ ይነሳል። ሁለቱ እኩል ካልተነሱ መኪና አታስጠጉ።

እስከዚህ ያለው የገንዘብ ኪሳራ ነው። አሁን ወደ ወለሉ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የምጽፈውም ለእሱ ነው።

ጋራዥ የምለው ከግቢው በር ጎን ቆርቆሮ ያለበስኩት መጠለያ ነው። ወለሉን ከጥቂት ዓመታት በፊት ያስደረግሁት ነው፦ አፈሩን ደልድለው፣ ኮረት በትነው፣ ከላዩ አራት ጣት የማይሞላ ሲሚንቶ ለስነው ሄዱ። ያምር ነበር። ከሥሩ ያለው ግን መረሬ ነው፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ የሚያብጥ፣ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍት ጥቁር አፈር። የእነዋሪ ገበሬ ይህን አፈር አውቆት ውኃው እንዲጠነፍፍ መደብና ቦይ እያወጣ ይዘራበታል። እኔ የገበሬ ልጅ ሆኜ ላዩ ላይ ሲሚንቶ አፍስሼ ረሳሁት። ሊሾው ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቆች ነበሩ፤ መኪናዋ በአራት ጎማ ስትቆምበት ዓመታት ችሏል፤ አይቻቸው ምንም አላልኩም።

የኅዳር ሚካኤል ማግስት ነበር። የኋላ ፍሬን ልንሠራ መኪናዋን አነሳናት፣ የቀኙን የኋላ ጎማ ፈታን። ክፈፉ የብረት መቀርቀሪያ አለው፤ ከፍ ካደረጋችሁ በኋላ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ጥርሱ ላይ ታስቀምጡታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ክብደቱን የሚይዘው ብረቱ እንጂ ዘይቱ አይደለም። እኔ ግን ጥርሱ ካለበት ከፍታ ትንሽ ዝቅ ብሎ ስለተመቸኝና «የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት» ስላልኩ በዘይቱ ብቻ ተውኳት። ቀኝ ክንዴንና ትከሻዬን ከሥር አስገብቼ ብሎን ሳላላ ከታች እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሊሾው ከክፈፉ ጫፍ ሥር ተሰብሮ ገባ። ክፈፉ ተንጋደደ፣ በክፈፉና በመኪናዋ መካከል ያለው የላስቲክ ትራስ ከመኪናዋ ጠርዝ ተንሸራተተ፣ መኪናዋ ወደ እኔ ወረደች።

ያዳነችኝ የተፈታችው ጎማ ናት። የወንድሜ ልጅ ጎማዋን አንከባሎ ከመኪናዋ ሥር በጎኗ አስተኝቷት ነበር። ለጥንቃቄ አይደለም፤ መተላለፊያ ዘግታበት ነው። መኪናዋ እሷ ላይ ዘፍ ብላ ቆመች፤ ቸርኬው ተጎነደለ፣ በእኔና በብረቱ መካከል አንድ ስንዝር ቀረ። ክንዴን ስቤ ወጣሁ። ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ውኃ ሲሰጡኝ ብርጭቆው ጥርሴ ላይ ይንቀጫቀጭ ነበር። ባለቤቴ «ሚካኤል ነው ያወጣህ» አለች። ልጁ ግን ምንም አልተናገረም፤ ግድግዳ ተደግፎ ያለቅሳል። እሱን ማየት ከሁሉ ከበደኝ፤ ቅድም ቦታ ተለዋውጠን ቢሆን ብዬ።

ታኅሣሥን ሙሉ ሊፍቱ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሊሾውን አስፈንቅዬ መረሬውን ግማሽ ሜትር ያህል አስወጣሁት፤ በምትኩ ሰለክት (ለሙሌት የተመረጠ አፈር) አስሞልቼ በየንብርብሩ አስጠቀጠቅሁ፣ ድንጋይ አስነጠፍኩ፣ ከላዩ ባለ 8 ፌሮ በ20 ሳንቲም ልዩነት ታስሮ 12 ሳንቲም ኮንክሪት ፈሰሰበት። ግንበኛው ወለሉ ወደ በሩ ዘቅዘቅ ይበል፣ ውኃ እንዲወጣ አለ። እኔ በውኃ ልክ ካልተስተካከለ አልከፍልም አልኩ፤ ውኃውን በዙሪያው በሚሄድ ቦይ አስወጣነው። የዘቀዘቀ ወለል ላይ የተነሳ መኪና ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ሊሄድ ይፈልጋል። ሌላው የእኛ አገር ጣጣ ውርጩ ነው። ትኩስ ኮንክሪት ሌሊት ውርጭ ከመታው ጥንካሬው ይጎዳል፤ ስለዚህ ላስቲክ አልብሰን ከላዩ ጭድ ከመርንበት፣ ቀን ቀን እየገለጥን ውኃ አጠጣነው። ሃያ ስምንት ቀን ጠበቅሁ። በአሥረኛው ቀን «አሁንማ ደርቋል» ያሉኝ ብዙ ናቸው፤ መድረቅና መጠንከር ግን ለየቅል ነው።

ቤቱ የኪራይ ሆኖ ወለል መቆፈር የማትችሉ ቢያንስ ወለሉን በመዶሻ እያንኳኳችሁ አዳምጡት። ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ካለ ሊፍት አታሳርፉበት። ወፍራም ላሜራ ማንጠፍ ትንሽ ስንጥቅ ያሻግራል፤ የሚሰምጥ አፈርን ግን አያቆምም። እንዲያ ከሆነ ገንዘባችሁን ለሊፍት አታውጡ፤ አንድ ጥሩ ክሪክና አራት የብረት መደገፊያ እግሮች ይበቋችኋል።

አሁን ግቢዬ ውስጥ ሕግ አለ። ከመኪናዋ በር ሥር ያለውን የብረት ስፌት ጎንበስ ብለን እናያለን፤ አምራቹ ክሪክ እንዲገባበት ያጠናከረው ቦታ ምልክት አለው፣ የላስቲክ ትራሱ እዚያ ላይ ብቻ ነው የሚያርፈው። ጎማዎቹ ከመሬት ገና አንድ እጅ ሲለቁ እናቆማለን፤ መኪናዋን በትከሻ ወዘወዝ አድርገን እናያለን። ከዚያ ከፍ። ከዚያ መቀርቀሪያው። እኔ ከቀኝ «ገብቷል» እላለሁ፣ ልጁ ከግራ «ገብቷል» ይላል፤ ሁለቱም ድምፅ ካልተሰማ ማንም አይጠጋም። መኪናዋ ጥርሱ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ሶኬቱ ይነቀላል። የተፈታ ጎማ በሙሉ ከጠርዙ ሥር ይተኛል፤ አሁን ግን አውቀን ነው። ልጁ መጀመሪያ ላይ ያፍር ነበር፣ ጓደኞቹ ሲመጡ «ገብቷል» ማለት ይከብደዋል። አሁን እኔ ስረሳ እሱ ነው የሚቆጣኝ።

ስለ መብራትም ላውራ፤ ማንም ያልነገረኝ እሱን ነውና። የአጎቴ ተዝካር ሞላሌ ነበር፤ እናቴን በማግስቱ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይዤ ልነሳ ቃል ገብቻለሁ። ዋዜማውን ዘይት ልቀይር መኪናዋን ሰቀልኳት። ጨርሼ ላወርድ ስል ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄደ። «ማውረድ ምን መብራት ይፈልጋል፣ ክብደቷ ያወርዳታል» እንዳትሉ። መቀርቀሪያው ጥርስ ላይ ክብደት ተሸክሞ ተቀምጧል፤ ለማላቀቅ መጀመሪያ መኪናዋን ጥቂት ከፍ ማድረግ ግድ ነው። ከፍ ለማድረግ ደግሞ ፖምፓ፣ ፖምፓው መብራት። ከጎረቤት የአምፖል ማብሪያ ትንሽ ጄኔሬተር ተዋስኩ፤ ሞተሩ ሊነሳ ሲል ጄኔሬተሩ ራሱ ተንፈራግጦ ጠፋ። አንዱ በክሪክ ከፍ አድርገን መቀርቀሪያውን በብረት እንምታው አለኝ። ከኅዳር በፊት ቢሆን እሞክረው ነበር። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ በባትሪ መብራት መኪናዋን ሽቅብ አየቻትና «እንግዲህ ወርዳ ሞላሌ ከምታደርሰኝ እኔው ወጥቼ ገነት ብገባ ይቀርበኛል» አለች። ማለዳ በአውቶቡስ ሄደች። መብራቱ የመጣው ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ነው። ተዝካሩን ሳልደርስበት ቀረሁ፤ ዘመድም እስካሁን ያነሳብኛል።

ከዚያ በኋላ ፖምፓዋን በመኪና ባትሪ በሚሠራ የ12 ቮልት ፖምፓ ቀየርኳት። ብዙ አምፔር ስለምትስብ ገመዱ ወፍራም፣ ባትሪውም ጤነኛ መሆን አለበት፤ ያደከመ ባትሪ ግማሽ መንገድ ላይ ይጥላል። ገና ለምትገዙ ከመጀመሪያውም ይህንኑ ዓይነት ፈልጉ እላለሁ። ባለ 220ው ካላችሁም ችግር የለም፤ ብቻ በማግስቱ መንገድ ካለባችሁ በዋዜማው አትስቀሉ።

ካምቢዮና ሞተር ማውረድ በዚህ ሊፍት አልሞክርም። የፊት ጎማዋ የሚጎትታት ትንሽ መኪና ክብደቷ ወደፊት ያደላል፤ ያንን ከባድ ነገር ስታወርዱ ሚዛኑ ተገልብጦ ወደኋላ ትንጋደዳለች። ግማሽ ሜትር ከፍታ ደግሞ ቆሞ አያሠራም፤ ጎማ ያለው መተኛ ሰሌዳ አሠርቼ በእሱ ነው የምገባው። ባናው ወደ አልጋው ተመልሷል። ለዘይት፣ ለሸራ፣ ለጭስ ማውጫ፣ ከመንገድ የመጣ ድምፅ ከየት እንደሆነ ለማየት ግን ዕቃው ዋጋውን አውጥቶልኛል።

የቀረኝ ፈተና ይሉኝታ ነው። ሊፍት ያለው ሰው ግቢው የሰፈር ጋራዥ ሊሆን ምንም አይቀረው። አንድ ጎረቤቴ፣ ጋሼ የምላቸው፣ ሂሉክስ አላቸው፤ ገብስ ይጭኑበታል። አንድ ቀን ከነጭነታቸው በሬ ላይ ቆመው «አንሳልኝ እስቲ፣ ከሥር የሚንቋቋ ነገር አለ» አሉኝ። እንደማይሆን ስነግራቸው ክፈፉ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣታቸው እያሳዩ «5,000 ይላል እኮ! የእኔ መኪና አምስት ቶን ትመዝናለች?» አሉ። ጽሑፉ በፓውንድ ነው፤ በኪሎ 2,268 ብቻ። የእሳቸው መኪና ባዶዋን ብትገባበትም ከነገብሱ ታልፈዋለች። ባዶዋን ብትሆንም የፊትና የኋላ ጎማዋ ከሦስት ሜትር በላይ ይራራቃሉ፤ የእኔ ክፈፍ የተሠራው ለአጭር መኪና ነው፣ የሻንሲዋ ማንሻ ቦታ ላይ አይደርስም። ይህን ሁሉ አስረዳሁ። ሰምተውኝ «እሺ» አሉ፤ ግን እንደተቀየሙኝ ገባኝ። ሁለት ሳምንት ሰላምታ ሲሰጡኝ ወደ ጎን እያዩ ነበር። ዱሮ ቢሆን በዚያ ሰላምታ ተሸንፌ አነሳላቸው ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው፣ የልጃቸውን ቪትዝ ይዘው። ከኪሳቸው የግንበኛ ሜትር አወጡና ጫፉን ለወንድሜ ልጅ እያቀበሉ «ና ያዝልኝ፤ መጀመሪያ እንለካት» አሉት።